ቬክተር ሃፍቶን ሲለጠጥ ምኑ ይቀየራል?

ፒያሳ አካባቢ ፎቶ በቲሸርት ላይ በስክሪን (ቀለም በተወጠረ ወንፊት መሳይ ጨርቅ ውስጥ እየተገፋ) ልታሳትሙ ብትሄዱ «ሃፍቶኑ ስንት ኤልፒአይ ነው?» ልትባሉ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ከዲፒአይ ጋር ያምታታዋል።

ጥቁር ቀለም ግራጫ አያትምም። ስለዚህ ፎቶው ወደ ነጥብ ይቀየራል፣ ሃፍቶን የሚባለው ይህ ነው፤ ጨለማው ጋ ነጥቡ ይወፍራል፣ ብርሃኑ ጋ ይቀጥናል። ራቅ ብሎ ለሚያይ ግራጫ ይመስላል። ኤልፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት የነጥብ ረድፍ እንዳለ ይናገራል። ዲፒአይ ግን የፕሪንተሩ ጥራት ነው፤ ፕሪንተሩ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥቃቅን ነጠብጣብ እንደሚያትም ይናገራል።

ዋናው ግራ አጋቢ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሃፍቶን የሚሠራው ሶፍትዌር ነጥቦቹን በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በሂሳብ በተገለጸ ቅርጽ) ሲያወጣ «የፈለጋችሁትን ያህል ለጥጡት፣ አይበላሽም» ይባላል። እውነት ነው፣ የነጥቡ ጠርዝ አይሸራረፍም። ኤልፒአዩ ግን ይቀየራል! በ45 ኤልፒአይ የወጣ ምስል በቁመትም በወርድም እጥፍ ሲሆን ወደ 22.5 ይወርዳል፤ ነጥቦቹ ይተልቃሉ። ለትልቅ ፖስተር እንዲያውም ያምራል። በግማሽ ካሳነሳችሁት ግን 90 ይሆናል፤ ያኔ የስክሪኑ ጨርቅ ጥቃቅኖቹን ነጥቦች መያዝ ያቅተዋል። በተለምዶ የጨርቁ ሜሽ ቁጥር (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ብዛት) የኤልፒአዩ ከ4 እስከ 5 እጥፍ እንዲሆን ይመከራል፤ ለ45 ከ180 እስከ 225 ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የአታሚውን ሜሽ ጠይቁ፣ የሚታተምበትን መጠን ወስኑ፤ ሃፍቶኑን ከዚያ በኋላ አውጡት።