ኬቨን ስሚዝ፦ ቀን ሱቅ ሻጭ፣ ሌሊት ዳይሬክተር

ኬቨን ስሚዝ አሜሪካዊ የፊልም ደራሲና ዳይሬክተር ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ፣ ሬድ ባንክ ተወለደ። ያደገው እዚያው አካባቢ ባለችው ሃይላንድስ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱ ፖስታ ቤት ይሠሩ ነበር፣ እናቱ የቤት እመቤት።

21 ዓመት ሲሞላው ኒው ዮርክ ሄዶ የዳይሬክተር ሪቻርድ ሊንክሌተርን ስላከር የተባለ ፊልም አየ። ታዋቂ ተዋናይ የለበትም፣ ከዳር እስከ ዳር ወሬ ነው። እንዲህም ፊልም መሥራት እንደሚቻል የገባው ያኔ ነው። ቫንኩቨር ፊልም ትምህርት ቤት ገባና በአራት ወሩ ጥሎ ወጣ። ቢያንስ ስኮት ሞዘርን እዚያ አገኘው፤ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፕሮዲውሰሩ ሆኗል።

የመጀመሪያ ፊልሙ ክለርክስ የተሠራው ሊዮናርዶ በሚባል የኒው ጀርሲ ሰፈር፣ ስሚዝ ራሱ ተቀጥሮ በሚሸጥበት ኩዊክ ስቶፕ ሱቅ ውስጥ ነው። ቀን ሱቁ ሥራ ላይ ስለሆነ ቀረጻው የሚጀመረው ሌሊት ደንበኛ ሲያልቅ ነበር፤ ታሪኩ ግን ቀን ላይ የሚሆን ነው፣ ስለዚህ ውጭው ጨለማ መሆኑ እንዳይታይበት የሱቁ የብረት መዝጊያ ሙሉ ፊልሙን ተዘግቶ እንዲቆይ አደረገ። በታሪኩ ውስጥ ለምን ተዘጋ ቢባል፣ አንዱ ቁልፉ ውስጥ ማስቲካ ጠቅጥቆበት ነው! ለእኔ የስሚዝ ችሎታ እዚች ጋ ነው ያለው። ችግሩን ታሪክ አደረገው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የፈጀውም 27,575 ዶላር። ክሬዲት ካርዶቹን እስከ ጥግ ተጠቀመ፣ ሲሰበስብ የኖረውን የኮሚክ መጽሐፍም ሸጠ። ከተዋንያኑ አንዱ የአገሩ ልጅ ጄሰን ሚውዝ ነው። አጠገቡ ቆሞ ዝም የሚለው ሳይለንት ቦብ የተባለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ራሱ ስሚዝ ነው፤ በእውነተኛው ዓለም ግን ሰውየው ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል። ፊልሙ በ1994 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ፣ የፊልም ኩባንያው ሚራማክስ ገዛው፣ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላም ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ቀጥሎ በስቱዲዮ ብር የሠራው ሞልራትስ ከሰረ። በ1997 ወደ 250,000 ዶላር አካባቢ ወርዶ ቼዚንግ ኤሚን ሠራና ስሙን መለሰ። ዶግማ በ1999 ሲወጣ ካቶሊኮች ለተቃውሞ ወጡ፤ እሱም ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ልጅ ነውና ማንነቱን ደብቆ ከሰልፈኞቹ ጋር ገብቶ የራሱን ፊልም ተቃወመ። በ2010 በሌላ ሰው ድርሰት የሠራው ኮፕ አውት ግን ማንም ሊሠራው የሚችል ፊልም ነው፣ የኒው ጀርሲ ሽታ የለውም።

በ2018 ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) መታውና ለጥቂት ተረፈ። በ2022 የወጣው ክለርክስ 3 የተነሣውም ከዚሁ ነው፣ ያውም እዚያው ሱቅ ተመልሶ። በዚያው ዓመት ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ካደገበት ጎን ያለችው አትላንቲክ ሃይላንድስ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገዝቷል።

ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ክለርክስ ይበቃል። ግን ከቤተሰብ ጋር ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚታይ አይደለም፤ እርቃን እንኳ ሳያሳይ በንግግሩ ብቻ ከፍተኛው የዕድሜ ገደብ ተሰጥቶት በይግባኝ ነው የተቀነሰለት።