ሲሙርግ ምንድን ነው?

በፋርስ ተረት ሲሙርግ የወፎች ንጉሥ ነው፤ መኖሪያውም ከቃፍ ተራራ ማዶ። የኒሻፑሩ ሱፊ ባለቅኔ ፈሪዱዲን አጣር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «የወፎች ጉባኤ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን ሲጽፍ ይህን ስም ለሁለት ከፈለው። በፋርስኛ «ሲ» ሠላሳ፣ «ሙርግ» ወፍ ነው። በቅኔ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ኅብረ ቃል ነው። ሰሙ ንጉሥ፣ ወርቁ ሠላሳ ወፍ።

ወፎቹ ንጉሣቸውን ፍለጋ ይሰበሰባሉ። መሪያቸው ሁድሁድ ነው፤ በቁርኣን የሳባን ንግሥት ወሬ ለሱለይማን ያደረሰው፣ ለእኛም ባዳ ያልሆነ ወፍ። የመንገዱን ርቀት ሲሰሙ ግን ሰበቡ ይዘንባል። ቡልቡል ከጽጌረዳው፣ ዳክዬ ከውኃዋ፣ ጭልፊት ከንጉሥ ክንድ፣ ጉጉት ፍርስራሽ ውስጥ ከተቀበረ ሀብት መለየት አይሆንላቸውም። የተነሡት ሰባት ሸለቆ ያቋርጣሉ፦ ፍለጋ፣ ፍቅር፣ ዕውቀት፣ ምንም አለመሻት፣ አንድነት፣ መደነቅ፣ በመጨረሻም ድህነትና ሱፊዎች «ፈና» የሚሉት መጥፋት። ከዚያ ሁሉ መንጋ የሚደርሱት ሠላሳ ብቻ ናቸው። ሲሙርግን ሲያዩ ራሳቸውን ያያሉ፤ ራሳቸውን ሲያዩ ሲሙርግን።

ይህን «ራስን ማግኘት» ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል። ዛሬ ቃሉ የራስን ፍላጎት ማወቅ ሆኗል፤ በአጣር ዘንድ ግን «እኔ» የሚለው ሳይቀልጥ የሚገኝ ነገር የለም።

ለዚህም ነው ታሪኩ ለአንድ ሰው ተውኔት የተፈጠረ የሚመስለኝ። ኢራን ውስጥ ናቃሊ የሚባል ጥንታዊ ጥበብ አለ፤ አንድ ተራኪ በትር ይዞ ይቆምና ጀግናውንም ጠላቱንም ብቻውን ይሆናል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። ናቃሊ ይበልጥ የሚታወቀው በጀግኖች ታሪክ ነው፤ የወፎቹ ታሪክ በአንድ ተዋናይ ሲቀርብ ግን ብቻውን መሆኑ ራሱ ትርጉም ይይዛል። ትከሻው ሲወድቅ ጉጉት፣ ደረቱ ሲነፋ ጣዎስ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሰበብ የሚወጣው ግን ከአንድ ጉሮሮ ነው። ወፎቹ መጨረሻ ላይ የሚያውቁት ነገር ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹ ፊት ቆሟል።

ከባዱ የመጨረሻው ትዕይንት ነው። መስተዋት ማውጣት ይቻላል። እኔ የምመርጠው ግን የወፎቹን ድምፅ አንድ በአንድ አክስሞ፣ ትከሻውን አቅንቶ፣ በገዛ ፊቱ ዝም ብሎ የሚቆመውን ተዋናይ ነው።