ኤክሴል ላይ «ፓስወርድ አለው» ሲባል የትኛው ነው?

ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ወር ሲያልቅ የደመወዝ ሰንጠረዥ ከቢሮ ቢሮ በቴሌግራም ይላካል። ላኪው «አትስጋ፣ ፓስወርድ አለው» ይላል። የትኛው ፓስወርድ? ኤክሴል እኮ ከአንድ በላይ አለው፤ ሰው የሚያምታታው ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ነው።

አንደኛው «ሪቪው» ውስጥ ያለው «ፕሮቴክት ሺት» ነው። ሥራው ሰው በስህተት ቀመር እንዳያጠፋ፣ ቁጥር እንዳይቀይር መከልከል ነው። ፋይሉን ግን ማንም ከፍቶ የሁሉንም ደመወዝ ያነባል። የደበቃችሁት አምድም አያስተማምንም፤ ይሄን መቆለፊያ ማንሳት ለሚያውቅበት ሰው ቀላል ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ለደህንነት የታሰበ አይደለም ይላል።

ሁለተኛው «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ፕሮቴክት ወርክቡክ» ስትሉ የምታገኙት «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» ነው። ይሄኛው ይዘቱን ያመሰጥረዋል። ያለ ፓስወርዱ ፋይሉ አይከፈትም። ለደመወዝም፣ ለባንክ ሂሳብ ቁጥርም፣ ለሕክምና መረጃም የሚያስፈልገው ይሄ ነው። የሠራተኛን መረጃ መጠበቅ ውለታ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ፓስወርዱ ረዘም ይበል። የድርጅቱ ስም ላይ ዓመተ ምሕረት መቀጠል አይሆንም። ከጠፋባችሁ ማይክሮሶፍትም አያገኝላችሁም።

እባካችሁ፣ ፓስወርዱን እዚያው ቴሌግራም ላይ ከፋይሉ ሥር አትጻፉት። መልእክቱ ፎርዋርድ ከተደረገ ወይም ስልኩ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ደውላችሁ ንገሩት።