«አያልቅም» የተባለው ዓሣ፦ ስለ ባሕር ትናንሽ ዓሦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሰርዲን ቆርቆሮ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው አደራደሩ ነው። አራት ወይም አምስት ዓሦች አንገታቸውና ጭራቸው ተገጣጥሞ፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው ዘይት ውስጥ ተኝተዋል። ባሕር ውስጥ ሳሉም አኗኗራቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በመቶ ሺሕና በሚሊዮን ሆነው፣ ተጠጋግተው፣ ባንድ ጊዜ እየታጠፉ ይዋኛሉ። ሰርዲን፣ አንቾቪ፣ ሄሪንግና መሰሎቻቸው ፕላንክተን የሚባሉትን በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትና ዕፀዋት ይበላሉ። እነሱን ደግሞ ቱናው፣ ዓሣ ነባሪው፣ የባሕር አንበሳውና የባሕር ወፉ ይበላቸዋል። የባሕሩ ቀለብ ናቸውና በዚህ ጽሑፍ «ቀለብ ዓሦች» እላቸዋለሁ።

ስለ እነዚህ ዓሦች በተወራ ቁጥር የሚነሡ አንዳንድ አባባሎች አሉ። ለማረም የሚያስቸግሩት ፍጹም ሐሰት ስላልሆኑ ነው፤ አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አለባቸው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ትንሽ ዓሣ ቶሎ ይራባል፤ ተሠግሮ አያልቅም»

ቶሎ መራባቱ እውነት ነው። የፔሩ አንቾቪ በአንድ ዓመት ዕድሜዋ ገደማ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ችግሩ ቶሎ የሚራባ ዓሣ ቶሎም የሚሞት መሆኑ ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ዓሣ አንድ ክፉ ዓመት ቢያጋጥመው፣ የቀደሙት ዓመታት ልጆች በሕይወት ስላሉ ዘሩን ያሻግሩለታል። አንቾቪ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ከከፋባት የሚያሻግራት ታላቅ የላትም። ጎተራዋ የአንድ ዓመት እህል ብቻ እንደሚይዝ ገበሬ ናት።

በ1970 ፔሩ ከባሕሯ 12 ሚሊዮን ቶን ያህል አንቾቪ አወጣች። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከአንድ የዓሣ ዝርያ ይህን ያህል የሚያወጣ አገር አልነበረም። ከዚያ ኤል ኒኞ መጣ፤ የባሕሩ ወለል ሞቀ፣ ከጥልቁ ምግብ ይዞ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ተዳከመ። መርከቦቹ ግን ማሥገራቸውን አላቆሙም። በ1973 የተገኘው ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር። ሀብቱ ወደ ቀድሞው መጠን ለመጠጋት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ናሚቢያ ደግሞ አሁንም እየጠበቀች ነው። በ1968 ከባሕር ዳርቻዋ 1.4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሰርዲን ተሠግሮ ነበር። በ1970ዎቹ ሰርዲኑ ወደቀ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አልተነሣም።

«መረቡ እየሞላ እስከ ወጣ ድረስ ዓሣው አለ»

ከሁሉም ጥፋት ያደረሰው ይህ እምነት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚያምኑት ባሕሩን በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

የአሠጋገሩን ሁኔታ እንመልከት። መርከቡ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ መንጋውን ያገኘዋል። መረቡን እየዘረጋ ዙሪያውን ይከበዋል፤ ከዚያ በታች በኩል ያለው ገመድ ሲሳብ የመረቡ ግርጌ እንደ ኮሮጆ አፍ ይጠበባል። መንጋው በሙሉ ውስጥ ነው። ቀለብ ዓሦች ቁጥራቸው ሲያንስ በሰፊው ባሕር ተበታትነው አይኖሩም፤ የቀሩት ተሰባስበው እንደገና ጥቅጥቅ ያለ መንጋ ይሆናሉ፤ የሚኖሩበት ስፋት ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ከመቶ መንጋ አሥር ብቻ ቢቀር፣ መርከቡ ከአሥሩ አንዱን እስካገኘ ድረስ የዚያ ቀን መረብ እንደ ድሮው ሞልቶ ይወጣል። አሥጋሪው አልዋሸም። የተታለለው በመረቡ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እነዚህ ዓሦች ግን ሲያብሩ የሚታሰሩት ራሳቸው ናቸው።

በካሊፎርኒያ የሞንተሬ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። ከ1936 እስከ 1937 በነበረው የማሥገሪያ ወቅት በዚያ የባሕር ዳርቻ ከ700 ሺሕ ቶን በላይ ሰርዲን ተገኘ። ሳይንቲስቶች ይህ መጠን እንዲቀነስ ደጋግመው አስጠነቀቁ፤ መረቡ እየሞላ ስለሚወጣ የሚሰማ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የማሸጊያ ፋብሪካዎቹ የሚያሽጉት ዓሣ አጡ። ማሥገሩ በሕግ የታገደው ግን በ1967 ነው፤ ሊታገድ የሚችል ዓሣ እምብዛም ሳይኖር።

«የዓሣው መመናመን የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ሰውን አትውቀሱ»

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቹ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ልደብቀው አልፈልግም። ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ወጣ ብሎ ሳንታ ባርባራ በሚባለው የባሕር ጎድጓዳ፣ ግርጌው ላይ ኦክስጅን ስለማይገኝ ደለሉን የሚያምስ ፍጡር የለም። ደለሉ በየዓመቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተነባበረ ተቀምጧል። በየገጹ የዓሣ ቅርፊት ተቀብሯል። ተመራማሪዎች ደለሉን በቱቦ አውጥተው ቅርፊቶቹን ሲቆጥሩ፣ ባለፉት 1,700 ዓመታት ውስጥ የሰርዲኑ ብዛት ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞ መነሣቱን አዩ። ያን ጊዜ የሞተር ጀልባም፣ የቆርቆሮ ፋብሪካም አልነበረም።

እንግዲያው ሰው ነፃ ነው? አይደለም። ዓሣው በራሱ ሲቀንስ ማሥገሩ አብሮ ካልቀነሰ፣ ከቀሪው የሚወሰደው ድርሻ ያድጋል፤ ውድቀቱም ተፈጥሮ ብቻዋን ከምታደርሰው የጠለቀ ይሆናል። ድርቅ የተፈጥሮ ነው፤ በድርቅ ዓመት የዘር እህልን መብላት ግን የሰው ውሳኔ ነው።

«በባሕር የቀረ ዓሣ የባከነ ዓሣ ነው»

በዚህ አመለካከት መሠረት ያልተሠገረ አንቾቪ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ነው። በ2012 አንድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን ሒሳቡን ሠርቶ ነበር። ቀለብ ዓሦች ተሠግረው ሲሸጡ በዓመት 5.6 ቢሊዮን ዶላር ያስገኛሉ፤ ሳይሠገሩ ቀርተው እንደ ቱናና ሳልሞን ላሉ ውድ ዓሦች ቀለብ ሲሆኑ የሚያስገኙት ግን 11.3 ቢሊዮን ነው። ቁጥሩ ከባሕር ባሕር ይለያያል፤ እያንዳንዱ ትልቅ ዓሣ በትንሹ ላይ የዚህን ያህል ጥገኛ አይደለም ብለው የተከራከሩ ሳይንቲስቶችም አሉ። በወፎቹ ላይ ግን ጉዳዩ ግልጽ ነው። በ2011 የታተመ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ እስከ አንታርክቲካ ያሉ ወፎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ የዓሣው መጠን ከከፍተኛው ሲሶ በታች ሲወርድ የሚያድጉት ጫጩቶች ቁጥር ይወርዳል።

የአፍሪካ ፔንግዊንን ኑሮ ቀረብ ብሎ ላየው ነገሩ ይገባዋል። ይህ ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ላባውን በሙሉ ይቀይራል። አሮጌው ላባ ረግፎ አዲሱ እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ላባው ውኃ ስለሚያስገባ ወፉ ባሕር መግባት አይችልም። ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጾማል። ከጾሙ በፊት በሰርዲንና በአንቾቪ ካልወፈረ፣ ከጾሙ በኋላም አጠገቡ ዓሣ ካላገኘ ይሞታል። ከደሴቱ ርቆ የሚገኝ ዓሣ ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። የጎልማሶቹ ጥንዶች ቁጥር ከ10 ሺሕ በታች በመውረዱ በ2024 በከፍተኛ ሁኔታ ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ።

ፔሩ ራሷ የወፎቿን ዋጋ በገንዘብ ታውቀዋለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ1840ዎቹ እስከ 1870ዎቹ አገሪቱ ከደሴቶቿ የወፍ ኩስ እየቆፈረች ለአውሮፓ ማዳበሪያ ትሸጥ ነበር፤ ከመንግሥቱ ገቢ ትልቁ ድርሻም ከዚያ ይገኝ ነበር። ኩሱ ያው በወፎቹ ሆድ ተፈጭቶ ያለቀ አንቾቪ ነው።

«አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል»

ይተካዋል፤ ምን እንደሚተካው ግን መራጩ እኛ አይደለንም። በናሚቢያ የሰርዲኑን ቦታ የያዙት ጄሊፊሽ የሚባለው አጥንት የሌለው ልፍስፍስ የባሕር እንስሳና ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ናቸው። በ2006 የታተመ የናሚቢያ ባሕር ግምት ጄሊፊሹን 12 ሚሊዮን ቶን፣ ዓሣውን 3.6 ሚሊዮን ቶን አድርጎታል። ጎቢውን ወፎቹ ይበሉታል፤ ነገር ግን የሰርዲንን ያህል ስብ የለውም። ሆዳቸው ሞልቶም ይከሳሉ።

«የድሃ ዓሣ ነው፤ ለሰው ምግብ አይሆንም»

ይህን የሚል ሰው ዳካር ሄዶ ለገበያተኞቹ ቢነግራቸው ይስቁበታል። ሴኔጋሎች ያቦይ የሚሉት የሰርዲን ዘመድ የብዙኃኑ ርካሽ ሥጋ ነው። ሴቶች በባሕሩ ዳር ያጨሱታል፣ በጨው ያደርቁታል፤ ማቀዝቀዣ ወደሌላቸው የመሀል አገር ገበያዎች የሚደርሰውም እንዲህ ሆኖ ነው። በሞሪታኒያ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ የተተከሉት የዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎች ግን ያንኑ ዓሣ ይገዛሉ፤ በቶን ስለሚገዙም ሴቶቹ ዋጋውን አይችሉትም። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ዓሣ ይፈጫል። ዱቄቱ በመርከብ ተጭኖ በሌላ አገር ለሚረባ ሳልሞን፣ ሽሪምፕ፣ አሳማና ዶሮ መኖ ይሆናል። የፔሩ አንቾቪም አብዛኛው ዕጣው ይኸው ነው። ለምግብነት ስለማይሆን አይደለም፤ ፋብሪካው ቀድሞ ስለሚገኝ ነው።

«መጠበቅ ማለት አሥጋሪውን ሥራ ማስፈታት ነው»

ለጊዜው ያስፈታል፤ መካድ አይገባም። በአውሮፓ የሰሜን ባሕር ሄሪንግ ማሥገር በ1977 ተዘጋ፤ ዓሣው ሲያገግም በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተከፈተ። ዓሣው ጨርሶ እስኪጠፋ የጠበቀችው ሞንተሬ ግን ፋብሪካዎቿን አልመለሰችም።

ደግሞም ጥበቃ ሁልጊዜ ሙሉ ክልከላ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ ፔሩ ለእያንዳንዱ መርከብ ኮታ ትሰጣለች። የዓሣው ርዝመትም በማስመሪያ ይለካል፦ ከ12 ሴንቲሜትር ያጠረ አንቾቪ ገና ያልወለደ ስለሆነ፣ እንዲህ ያሉት በመረቡ ሲበዙ ያ የባሕር ክፍል ለጊዜው ይዘጋል። በ2023 ትናንሾቹ ስለበዙና ባሕሩ ስለሞቀ የመጀመሪያው የማሥገሪያ ወቅት ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በመጋቢት 2025 የዓሣ ኢንዱስትሪውና የወፍ ተቆርቋሪዎቹ በፍርድ ቤት ተስማምተው፣ በስድስት የፔንግዊን መኖሪያዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ ማሥገር ለአሥር ዓመት እንዲቆም ሆኗል። ማንዴላ የታሠሩባት ሮበን ደሴት አንዷ ናት። የተቀረው ባሕር ለመርከቦቹ ክፍት ነው።

«እኛ ባሕር የለን፤ ምን አገባን?»

ነገሩ የጨው ውኃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣና ሐይቅ ውስጥ ከጣት የማይበልጡ የባርበስ ዝርያዎች ፕላንክተን እየበሉ ይኖራሉ፤ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙት ትልልቅ ዓሣ በል ባርበሶች ደግሞ እነሱን ይበላሉ። ወንበሩ ያው ነው፤ የተቀመጠው ዓሣ ነው የተለየው።

«እንግዲያው ሰርዲን መብላት ይቅር»

ይህ ደግሞ በተቃራኒው መሳት ነው። ሰው በቀጥታ የበላው ሰርዲን፣ ተፈጭቶ ሳልሞን ከሚቀለብበት ሰርዲን የተሻለ ጥቅም ላይ ውሏል። እኔም መብላቴን አልተውኩም። ያሁኑ ቆርቆሮዬ ሞሮኮ የታሸገ ነው፤ በታሸገ ሰርዲን ሽያጭ ዓለምን የምትመራው እሷ ናት። ጀርባው ላይ የጨውና የዘይቱ መጠን፣ የማብቂያ ቀኑም ተጽፏል። ዓሣው ከየትኛው የባሕር ክፍል እንደወጣና እዚያ ምን ያህል እንደቀረ የሚነግር መስመር ፈልጌ አጣሁ።