የሜሮቪንግ ነገሥታት የአልጋ ውርስና የዘመዳሞች ጦርነት

ሜሮቪንጎች ዛሬ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየምና ምዕራብ ጀርመን በሚባለው ምድር ፍራንኮችን እስከ 751 የገዙ ሥርወ መንግሥት ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አልጋው የበኩር ልጅ ብቻ አልነበረም። ንጉሥ ሲሞት ልጆቼ ብሎ የተቀበላቸው ወንዶች ሁሉ ይወርሳሉ፤ እናታቸው ገረድም ትሁን የንጉሥ ልጅ ለውጥ የለውም።

የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ በ511 ሲሞት አራቱ ልጆቹ፣ ቴውደሪክ በሬምስ፣ ክሎዶሜር በኦርሌአን፣ ቺልደበርት በፓሪስ፣ ክሎታር በሷሶን ነገሡ። ደቡቡ አኲቴን ለብቻው ተሸንሽኖ በየድርሻው ላይ ስለተጨመረ የአንዱ ግዛት በሌላው ውስጥ ተሰነጣጥሮ ቀረ። ክፍፍሉ የሚቆጠረው በከተማና ከከተማው በሚገባው ግብር ነበር።

ብዙ ጊዜ ለጦርነቶቹ ክፍፍሉ ራሱ ይወቀሳል። ዋናው ቀዳዳ ግን ሌላ ነው፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ይሁን ለወንድሞቹ የሚወስን የጸና ደንብ አልነበረም። ክሎዶሜር በ524 በጦርነት ሲወድቅ ቺልደበርትና ክሎታር ሕፃናቱን የወንድማቸውን ልጆች ያዙ። ለአያታቸው ለክሎቲልዳ መቀስና ሰይፍ ላኩባት። ረጅም ጠጉር የንጉሥነት ምልክት ስለሆነ የተላጨ ልጅ ከአልጋው ይወጣል። እርሷም ካልነገሡ ተላጭተው ከማያቸው ሞተው ልያቸው አለች፤ ሁለቱ ታረዱ። ሦስተኛው ክሎዶአልድ አምልጦ በገዛ እጁ ጠጉሩን ቆርጦ መነኮሰ። መላጨት ግን ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ጠጉር መልሶ ያድጋል። የክሎታር ልጅ ነኝ የሚለው ጉንዶቫልድ ደጋግሞ ቢላጭም በ584 ደጋፊዎቹ በጋሻ ላይ አንሥተው አነገሡት፤ በማግሥቱ ዓመት ተገደለ።

ስለዚህ ንጉሥ በሞተ ጊዜ የሚፈጥን ያሸንፋል። መጀመሪያ ግምጃ ቤቱ ይያዛል፤ ወርቁ ለባለሟሎች ካልታደለ ጦር አይከተልም። ቀጥሎ ሕዝቡ በየከተማው ታማኝነቱን ይምላል። ወራሹ ሕፃን ከሆነ ከዘመዶቹ እጅ ማሸሽ ይቀድማል። የክሎታር ልጅ ሲጊበርት በ575 በወንድሙ በቺልፔሪክ ሚስት በፍሬዴጉንዳ ሰዎች ሲገደል የአምስት ዓመት ልጁን ቺልደበርት 2ኛን አንድ መስፍን ከፓሪስ አውጥቶ በልደት በዓል አነገሠው። ፍሬዴጉንዳም በተራዋ፣ ባሏ ቺልፔሪክ በ584 ሲገደል፣ የአራት ወር ልጇን ክሎታር 2ኛን ይዛ ከሀብቷ ጋር በፓሪስ ካቴድራል ተጠጋች። የልጁ አጎት ጉንትራም ልጁ የወንድሙ መሆኑን ስለተጠራጠረ ሦስት ጳጳሳትና 300 መኳንንት ማሉለት።

የሲጊበርትንና የቺልፔሪክን ቤቶች ጠብ ያባባሰው ጥሎሽ ነው። ቺልፔሪክ የሲጊበርት ሚስት የብሩንሂልዳን እህት ጋልስዊንታን ሲያገባ ቦርዶን፣ ሊሞዥንና ካኦርን ጨምሮ አምስት ከተሞች ሰጣት። ብዙም ሳይቆይ ታንቃ ተገደለች፤ እርሱም ፍሬዴጉንዳን አገባ። ከተሞቹ ለእህቷ ይገባሉ ተብሎ ቢፈረድም ክርክሩ እስከ 587ቱ የአንደሎ ውል ዘለቀ። በውሉ ብሩንሂልዳ ካኦርን ወዲያው ወሰደች፤ የቀሩት አራቱ ጉንትራም ሲሞት እንዲሰጧት ተስማሙ። ልጅ ያልቀረለት ጉንትራምና የወንድሙ ልጅ ቺልደበርትም ማን ማንን እንደሚወርስ በጽሑፍ አሰፈሩ፤ ይህ ከሁሉም የተሻለው መፍትሔ ነበር። ጉንትራም በ592 ሲሞት ግዛቱ ያለ ብዙ ደም ለቺልደበርት አለፈ።

የቺልደበርት ልጆች ግን ተዋጉ፤ በ612 ቴውደሪክ 2ኛ ወንድሙን ቴውደበርትን ድል ነሣ፣ በዓመቱም በተቅማጥ ሞተ። አያቱ ብሩንሂልዳ ከአራት ልጆቹ ታላቁን ብቻ አነገሠች። የቡርጎኝ የቤተ መንግሥት አለቃ ቫርናካር ለፍሬዴጉንዳ ልጅ ለክሎታር 2ኛ አድሮ ከዳት፤ ጦሩም ሳይዋጋ ተበተነ። ክሎታር 2ኛ እርሷን ለሦስት ቀን አሠቃይቶ በፈረስ አስጎትቶ ገደላት፣ አገሩንም ጠቀለለ። ቫርናካር በምላሹ ሹመቱ ዕድሜ ልኩን እንደማይነሣበት ከንጉሡ መሐላ ተቀበለ።