«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»፦ የዘገየ እርማትና መዋዠቅ

ሌባው ከወጣ በኋላ በር ለሚቆልፍ፣ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ሐሳብ ለሚያመጣ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባልለታል። ምሳሌው የወጣው ከገጠር ግቢ ነው። ጅብ በሌሊት ወደ በረት ይመጣል፤ የውሻ ሥራ ሽታው እንደደረሰው መጮህ ነው። በሰዓቱ ከጮኸ አባወራው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ጅቡ ጥጃውን ይዞ ከተሰወረ በኋላ ከጮኸ ግን ሰው የሚነቃው ባዶ በረት ለማየት ነው።

ብዙ ሰው ምሳሌውን «የዘገየ ነገር ከንቱ ነው» ብሎ ይፈታዋል። ከመዘግየት እኩልዮሾች (የአሁኑ ለውጥ ቀደም ሲል በነበረ ሁኔታ ከሚወሰንባቸው) ጋር ለሚውል ሰው ይህ አፈታት ለዘብ ያለ ነው። የዘገየ እርማት ከንቱ ቢሆን እንኳ በተሻለ ነበር፤ ችግሩ መሥራቱ ነው፤ ያውም በሌለ ነገር ላይ። ስህተቱ በዚህ መካከል ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ ከሆነ የሚያርመው እጅ ይገፋዋል።

የሻወር ቧንቧን እንውሰድ። ከመክፈቻው እስከ ራስጌ ውሃው ለመድረስ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ቀዘቀዘ ብለን ሙቁን እንከፍታለን፤ ለውጥ ስላልተሰማን እንጨምራለን፤ ከዚያ ያቃጥለናል። እንቀንሳለን፣ አሁንም እንቀንሳለን፣ ከዚያ ይበርደናል። መዘግየቱን «መ»፣ በየሰከንዱ የምናርመውን የስህተት ድርሻ «ጉ» ብንል ሕጉ እንዲህ ነው፦ የአሁኑ የለውጥ ፍጥነት ከመ በፊት ከነበረው ስህተት ጋር ተመጣጣኝ ሲሆን፣ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። መዘግየት ባይኖር እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ እኩልዮሽ ፈጽሞ አይዋዥቅም፤ ስህተቱ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ዜሮን አይሻገርም። የሚያሻግረው መዘግየቱ ብቻ ነው።

ከስንት ጀምሮ? ዜሮን ሳይሻገር በቋሚ ምጣኔ እየቀነሰ የሚሄድ መፍትሔ እንፈልግ። ምጣኔውን በመ አባዝተን «ሀ» ብንለው፣ ጉ×መ ከ«ሀ ሲካፈል ለ2.718 በሀ ርቢ» ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህ የሀ ቀመር ሲሣል እንደ ኮረብታ ነው፤ ጫፉ ሀ 1 ሲሆን ነው፣ ቁመቱም 1 ሲካፈል ለ2.718፣ ማለትም 0.368። ጉ×መ ከጫፉ በላይ ከሆነ የሚገናኙበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ከዜሮው መፍትሔ በቀር እያንዳንዱ መፍትሔ ዜሮን ያለማቋረጥ ይሻገራል። ለሻወራችን 0.368 ለ4 ሲካፈል 0.092 ነው፤ በየሰከንዱ ከስህተቱ 9 በመቶ ገደማ በላይ ያረመ ሰው ውዥቀቱን ራሱ ጠራው ማለት ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደባልቃሉ። ዋዠቀ ማለት አደገ ማለት አይደለም። ጉ×መ በ0.368 እና በ1.571 (የፓይ ግማሽ) መካከል ሲሆን ውዥቀቱ እየደከመ ይሞታል። ከ1.571 ሲያልፍ ነው የሚያብጠው። በድንበሩ ላይ አንድ ዙር በትክክል የመዘግየቱ 4 እጥፍ ይፈጃል፤ ሻወሩ በየ16 ሰከንዱ ያቃጥላል ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ የጉ ምሳሌ ነው፤ የውሻው ደግሞ የመ። አደጋው ያለው ሁለቱ ሲባዙ ነውና አንዱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሀቺንሰን በ1948 የእንስሳት ብዛት ለምግብ እጥረት ዘግይቶ መልስ ሲሰጥ እንዴት እንደሚዋዥቅ ያሳየበት እኩልዮሽም፣ በሚዛን ነጥቡ አጠገብ እነዚሁን ሁለት ድንበሮች ይሰጣል።

አሁን ውሻውን ገደል አጠገብ እናስቀምጠው። ጩኸቱ ገደሉን መትቶ ይመለሳል፤ ውሻውም ለጅቡም ለገደል ማሚቶውም ይጮኻል። ኒውትራል የሚባለው እኩልዮሽ ይህ ነው፦ የአሁኑ የለውጥ ፍጥነት በድሮው ስህተት ብቻ ሳይሆን በድሮው የለውጥ ፍጥነትም ይወሰናል። የሚመለሰውን ድርሻ «ማ» እንበለው። በኤሌክትሪክ መስመር ጫፍ ላይ ሞገድ ተንጸባርቆ ሲመለስ የሚወጣው እኩልዮሽ እንዲህ ያለ ነው።

ማሚቶው ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። ማ 0.5 ከሆነና ሁለቱ መዘግየቶች (የእርማቱና የማሚቶው) እኩል ከሆኑ፣ የኮረብታው ቀመር «ሀ × (1 ሲካፈል ለ2.718 በሀ ርቢ፣ ሲቀነስ 0.5)» ይሆናል። ጫፉ ሀ 0.315 አካባቢ ላይ ሲሆን ቁመቱ 0.072 ብቻ ነው። የመዋዠቂያው ደፍ ወደ አምስተኛ ግድም ወረደ! የማበጫው ድንበር ግን ከ1.571 ወደ 0.907 ነው የወረደው። ማ 1 ካለፈ ስለ ጉ መከራከር አያስፈልግም፤ ማሚቶው ራሱ በየመ እየገነነ ይሄዳል። ማሚቶው ተገልብጦ ሲመለስ፣ ማለትም ማ ኔጋቲቭ ሲሆን፣ ኮረብታው ጫፍ የለውም። የማይዋዥቅ መፍትሔ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ስለዚህ «ሁሉም ይዋዥቃሉ» የሚለው ድምዳሜ እዚያ አይሠራም።

በኮምፒውተር ሲሰላ ኒውትራሉ ሌላ ወጥመድ አለው። መነሻው አንድ ቁጥር አይደለም፤ የመ ርዝመት ያለው ሙሉ ታሪክ ነው። ታሪኩ ከእኩልዮሹ ጋር ካልተጣጣመ በዜሮ ሰዓት የለውጥ ፍጥነቱ ይዘላል። በተራው የመዘግየት እኩልዮሽ ዝላዩ በየመ እየለሰለሰ ይጠፋል፤ በኒውትራሉ ግን በመ፣ በ2መ፣ በ3መ በማ እየተባዛ ይመለሳል። ስለዚህ የስሌቱ እርምጃ «መ»ን ያለ ቀሪ መክፈል አለበት፤ ካልሆነ ስህተቱ እውነተኛ ውዥቀት መስሎ ይታያል።

መሣሪያ ፊት ለቆመ ሰው ደግሞ ማሚቶ መኖሩን የሚነግረው የዙሩ ርዝመት ነው። ጉን ቀስ እያደረጉ ከፍ አድርጎ ውዥቀቱ ሳይሞትም ሳያብጥም የሚቆይበት ነጥብ ላይ ማቆም፣ ከዚያ አንዱን ዙር በሰዓት ለክቶ ለመ ማካፈል ነው። 4 ከወጣ ማሚቶ የለም። 6 ከወጣ ማ 0.5 ነው። 3 ከወጣ ማሚቶው ተገልብጦ እየተመለሰ ነው።