ሞላ፦ በጋራዥም በጥርስ ሐኪም ቤትም የምንሳሳትበት

ስፕሪንግን «ሞላ» ማለት የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ከመኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው የብረት ዝርግ ሞላ፣ «ባሌስትራ»ም እንዲሁ። ዕድሜዬን ከመኪና ሞላ ጋር ያሳለፍኩ መካኒክ ነኝ። ልጄ ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ፣ ብሬስ፣ ስታስር አፏ ውስጥ ከጥፍሬ የማትረዝም ሞላ አየሁ። ደንበኞቼ የሚሳሳቱትን የጥርስ ታካሚዎችም እንደሚሳሳቱት የገባኝ ያኔ ነው።

«ሞላ ጥቂት ዙር ሲቆረጥለት ይለሰልሳል።» መኪናቸውን ዝቅ ለማድረግ የሚያስቆርጡ ብዙዎች እንዲህ ያስባሉ። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሞላ ሲጫን ሽቦው የሚታጠፍ ይመስላል እንጂ በራሱ ዙሪያ ነው የሚጠመዘዘው፤ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ደግሞ መጠምዘዙ ይከብዳል። አሥር ዙር ሞላ እኩል ለሁለት ቢከፈል የእያንዳንዱ ግማሽ ጥንካሬ የቀድሞው እጥፍ ይሆናል።

«የረገበ ባሌስትራን እሳት ይመልሰዋል።» ቅርጹን ይመልሳል፤ ጠባዩን ግን አይመልስም። ፍም እስኪመስል ግሎ በራሱ ጊዜ የቀዘቀዘ ባሌስትራ ለስልሷል። እንደገና አግለው ዘይት ውስጥ ካልነከሩት፣ ከዚያም በልኩ ካላሞቁት፣ ጭነት ሲያርፍበት ተመልሶ ይረግባል።

«መኪናው የሚነጥረው ሞላው ስለደከመ ነው» ለሚሉ፦ ንጥሪያውን የሚያበርደው ሾክ አብዞርበሩ ነውና መጀመሪያ እርሱን ያስፈትሹ።

«የጥርስ ሞላ በጠነከረ ቁጥር ጥርሱ ቶሎ ይሄዳል።» ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር እየተገፋ አይሄድም። ሥሩን ከመንጋጋ ጋር የሚያያይዝ ስስ ጅማት አለ። ጅማቱ በተጫነበት በኩል ሴሎች አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ በተወጠረበት በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ጫናው ሲበዛ የጅማቱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታፈናሉ፣ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ጥርሱም ባለበት ይቆማል፤ ሥሩ ራሱ ተበልቶ ሊያጥርም ይችላል። አንድን ጥርስ ለማዘንበል ከ35 እስከ 60 ግራም ኃይል ይበቃል፤ የአንድ እንቁላል ክብደት ያህል ማለት ነው። «ዶክተር፣ ትንሽ ጠበቅ ያድርጉልኝ» የምትሉ ወላጆች፣ እባካችሁ ተዉ።

«የጥርስ ሞላ ከእስክሪብቶ ሞላ አይለይም።» በመልክ ይመሳሰላሉ። ተራ ሞላ በተሳበ መጠን ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲመለስ ይቀንሳል፤ ሮበርት ሁክ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1678 ያሳተመው ሕግ ይህ ነው። ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅልቅል የተሠራው የጥርስ ሞላ ግን ጥርሱ እየተጠጋም ኃይሉን ብዙ ሳይቀንስ ይስባል።

«ብሬሱ ሲወጣ ሥራው አለቀ።» አላለቀም። አጥንቱና የድዱ ጅማት እስኪረጉ ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ስለሚቀናው፣ በቦታው የሚይዘው መሣሪያ ይታዘዛል። ልጄ የምታደርገው ማታ ማታ ነው። የማስቀመጫው ክዳን ሲከፈት ቀጭ ይላል፤ ያን ድምፅ ካልሰማሁ በሯን አንኳኳለሁ።